የቦኖው ስብሰባ ጠሪ

በእኛ ቀበሌ ስብሰባ ለሁለት ሰዓት ተኩል ይጠራና አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሊቀመንበሩ አቶ ዳምጠውም ያውቃል፤ ግን የጥሪ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለቱን አይተውም። «አራት ሰዓት ካልን አምስት ተኩል ነው የሚመጡት» ይላል። እውነቱን ነው። ይህን የማውቀው የጥሪ ወረቀቱን የማባዛው እኔ ስለሆንኩ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ናት። ዘከርያ እባላለሁ። አባቴ ጨርቅ ሊነግድ ከስልጤ አገር መጥቶ ዲላ ላይ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ጨርቁን ትቼ ወረቀት ላይ ቀረሁ። ቀበሌው ምን እንዳሰበ ከነዋሪው አንድ ቀን ቀድሜ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ያተረፈልኝ ነገር የለም።

የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ እትዬ ጸሐይ ነው። እኔም እገባበታለሁ፤ ባልገባበት ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጸሐይ የቀበሌው ተላላኪ ናት። ደብዳቤ ታደርሳለች፣ አዳራሹን ትጠርጋለች፣ ወንበር ትደረድራለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስብሰባ ትጠራለች። የእጅ ድምፅ ማጉያውን በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ከዳገቱ በላይ ያለውን ላይ ሰፈርን አስቀድማ፣ ከዳገቱ በታች ያለውን ታች ሰፈርን አስከትላ በእግሯ ታዳርሳለች። በየመታጠፊያው ቆማ መጀመሪያ በጌዴኦኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ትናገራለች። አማርኛው ላይ ወንዱና ሴቱ አንዳንዴ ይምታታባታል፤ ሰዓቱና ቦታው ግን ተምታቶባት አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ አምስት ሊቀመንበር ተቀያይሯል፤ ማጉያው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እሷን የቀየረ የለም።

የተወለደችው ቡሌ ነው። ዲላ የመጣችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ቡና ለቀማ ልትሠራ ነው። ያኔ የምትለቅምበት መጋዘን ውስጥ የቡና መፈልፈያ ነበር፤ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ከጎንሽ ለተቀመጠችው «ውሃ አቀብዪኝ» ለማለት እንኳ መጮህ ያስፈልጋል። ስምንት ዓመት እንዲህ ስትጮህ ኖራ፣ ከመጋዘኑ ስትወጣ ድምፁ አብሯት ወጣ። ቀበሌው ተላላኪ ሲፈልግ ማስታወቂያ አላወጣም። የያኔው ሊቀመንበር ገበያ ውስጥ ከአንዲት የጎመን ነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ ከሩቅ ሰማት፤ ቀጠራት። ማጉያ የሚገዛበት በጀት ሦስት ዓመት ስለቆየ፣ ያንን ሦስት ዓመት በባዶ ጉሮሮዋ ነው የጠራችው። የሰማናት ሰዎች ልዩነቱ አይታየንም።

አባቷ የሶንጎ ሽማግሌ ነበሩ። ሶንጎ ማለት የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው። እሷ እንደምትለው፣ አባቷ መጠራት የሚገባው ሰው ሳይጠራ ቀርቶ እንደሆነ ነገሩን አያዩም፤ ለሌላ ቀን ያሳድሩታል። «ያልተጠራ ሰው ውሳኔውን ይሰማል እንጂ አይቀበልም» ይሉ ነበር አሉ። አቶ ዳምጠው ይህንን ስትነግረው «ጥሩ ነው፣ እኛ ግን ዕቅድ አለብን» አላት።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇ ናፍቆት አግብታ ዱመርሶ ገብታለች። ስለዚህ ታች ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች፤ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃል። ያቺን አንድ ጀሪካን ለመቅዳት ግን ዳገቱን ወጥታ፣ ላይ ሰፈርን አቋርጣ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ቦኖ ድረስ ትሄዳለች። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ዝናብ፣ ሙሉውን ጀሪካን ተሸክማ ስትወርድ ጭቃው አንሸራተታት፤ ከዚያ ወዲህ የግራ ጉልበቷ አይታጠፍም ማለት ይቻላል። ታች ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ጉልበት ወይም ወገብ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ላይ ሰፈርም ደህና ነው ማለቴ አይደለም። እነሱ ዘንድ በየቤቱ ቧንቧ አለ፤ ውሃው ነው የሌለው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሲመጣ መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ ሁለት ባልዲ ውሃ ይሰጣል።

እንግዲህ ለሁለቱ ሰፈር አንድ ቦኖ ተፈቀደ። አንድ ብቻ። ባለሙያዎች መጥተው ለኩና መስመሩ ከአንድ በላይ እንደማይችል ተናገሩ፤ ቦታውን ነዋሪው ተወያይቶ ይወስን አሉ። ከየቤቱ አንድ ሰው ይመጣል፤ ድምፅ በእጅ ይሰጣል። ወይ ላይ ሰፈር ከድሮው ወፍጮ ቤት ጎን፣ ወይ ታች ሰፈር ከዋርካው ሥር።

እትዬ ጸሐይ የጥሪ ወረቀቱን እንዳባዛው ይዛልኝ የመጣችበት ዕለት ሐሙስ ነበር። ጎረቤታችን ሰላማዊት መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ ቆማለች። ሰላማዊት አራት ልጆች አሏት፤ በቀን አምስት ጀሪካን ትቀዳለች። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ እትዬ ጸሐይን ቀና ብላ አየቻት።

«ላይ ሰፈር ቤቱ ይበዛል» አለች። «ከመጡ አለቅን።»

«ይመጣሉ» አለች እትዬ ጸሐይ።

«ካልተጠሩ ከየት ያውቃሉ?»

ወረቀቱ የሚለጠፈው ቀበሌው በር ላይ ነው። ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ ነገር የሚያነበው ደግሞ ወረፋ የያዘ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ የሚያየው ነገር ስለሌለ ነው። የእኛ ቀበሌ ሰው ስብሰባ የሚያውቀው በእትዬ ጸሐይ አፍ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

ያኔ ነው እኔ የገባሁት። እኔም የምኖረው ታች ሰፈር ነው። «እትዬ ጸሐይ» አልኳት ወረቀቱን ከማሽኑ እያወጣሁ፣ «የማጉያ ባትሪ እኮ ያልቃል። ላይ ሰፈር ስትደርሺ ቢያልቅ ማን ይቀየምሻል?»

ሰላማዊት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እትዬ ጸሐይም ትንሽ ፈገግ አለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል።

ዓርብ ከሰዓት ወጥታ ሊመሽ ሲል ተመለሰች። ታች ሰፈር ስትጠራ እኔ ራሴ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ማጉያውን ለጽሕፈት ቤቱ ከመመለሷ በፊት በሬ ላይ ቆመች።

«ላይ ሰፈርን ጠራሽ?» አልኳት።

«ጠራሁ።»

«ጠራሽ?»

«ጠራሁ አልኩህ። ማጉያውን ሳልከፍት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው ያስረዳችኝ። ጨርሶ አለመጥራት አልሆነላትም፤ እግሯም ላይ ሰፈርን አልዘልም አላት። ስለዚህ እንደ ወትሮው ከወፍጮ ቤቱ ጀምራ በየመታጠፊያው ቆማለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አጀንዳውን፣ በጌዴኦኛም በአማርኛም፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ተናግራለች፤ በሹክሹክታ። መጨረሻ ላይም እንደ ልማዷ «ያልሰማ እንዳይኖር ተነጋገሩ» ብላለች። ሰባት ቦታ ቆማ፣ ሰባት ጊዜ።

«ሰው አልሰማሽም?»

«አንድ ውሻ ቀና አለ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የሞላው በታች ሰፈር ሰው ነው። እንዲህ በሰዓቱ ስንገኝ ያየ የለም፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁላችንም ተቀምጠናል። አቶ ዳምጠው ሲገባ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን የጠየቀ አልነበረም፤ በእኛ ቀበሌ አዳራሽ ከሞላ ምልዓተ ጉባኤ ነው። «ላይ ሰፈሮችስ አላችሁ?» ሲል፣ ከኋላ አንዲት እጅ ወጣች።

«አለን» አለች ኩልሱም።

ኩልሱም የአክስቴ ልጅ ናት። ላይ ሰፈር ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት የቅመማ ቅመም ሱቅ አላት። ብቻዋን ነው የመጣችው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት፤ እሷም አዳራሹን መልሳ አየችው። ድምፅ ሲሰጥ ታች ሰፈር በሚለው ላይ የሌላው ሁሉ እጅ ወጣ። እትዬ ጸሐይ ብቻ በሩ አጠገብ ቆማ እጇን አላነሳችም። ላይ ሰፈር በሚለው ላይ የኩልሱም እጅ ወጣ። አቶ ዳምጠው «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ተረተ። ይህን ተረት ሳይተርት የዘጋው ስብሰባ የለም።

ማክሰኞ አንድ ወረቀት እንዳባዛው መጣልኝ። ላይ ሰፈሮች ያቀረቡት አቤቱታ ነው፤ ሦስት ገጽ ፊርማ አለው። «ስብሰባ ሳንጠራ በእኛ ላይ ተወስኗል» ይላል። አባዛሁት። ሁለተኛው ገጽ ደብዘዝ ስላለ እንደገና አነሳሁት፤ ሥራ ሥራ ነው።

አቶ ዳምጠው ጉዳዩ ይጣራ ብሎ ለተከታዩ ቅዳሜ ሁለቱንም ሰፈር ጠራ። ይህን ጊዜ ላይ ሰፈሮች እስኪጠሩ አልጠበቁም። ወንበር አንሶ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እትዬ ጸሐይ እንደ ወትሮዋ በሩ አጠገብ ነበረች፤ ማጉያው ትከሻዋ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ አግኝቻት «ጠርቻለሁ በዪ፤ ውሸት እኮ አይደለም» ብያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ መንገዷን ቀጠለች።

«ጥያቄው አንድ ነው» አለ አቶ ዳምጠው። «ላይ ሰፈር ተጠርቷል ወይስ አልተጠራም?»

«አልተጠራንም!» አለ ግድግዳው በሙሉ።

ኩልሱም እጇን አወጣች። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ዋሽቼ የምጠጣው ውሃ የለም» አለች። «እትዬ ጸሐይ ጠርታለች። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የሱቄን ሸራ ሳወርድ፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ባልሰማ ከየት አውቄ እመጣ ነበር?»

የገዛ ሰፈሯ ሰዎች አጉረመረሙባት። አንዱ «ለአክስቷ ልጅ አድልታ ነው» አለ። ኩልሱም ለእኔ አድልታ አታውቅም፤ ቁንዶ በርበሬ እንኳ ቀንሳ አትሸጥልኝም። ቁጭ አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ በጣም ደስ አለኝ። ሰላማዊት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አቶ ዳምጠውም ደስ ብሎታል፤ አንድ ፋይል የሚዘጋ ሰው ፊት ነበረው።

«እንግዲያው ተጠርቷል» አለ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝ።»

«አልተጠራም» አለች እትዬ ጸሐይ ከበሩ።

ማጉያ አልያዘችም ማለት ይቻላል፤ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል እንጂ። ግን ያን ድምፅ ያልሰማ አልነበረም።

«ወይዘሮ ጸሐይ፣ ምስክር አለ እኮ» አለ አቶ ዳምጠው።

«ኩልሱም እውነቷን ነው። እሷ አጠገብ ቆሜ ስለነበር ሰማች። ማጉያውን አልከፈትኩም። ሰው እንዳይሰማ ብዬ በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት።»

«ግን ተናግረዋል።»

«ሰው ካልሰማ ምኑን ጠራሁት?»

ሰላማዊት «እትዬ ጸሐይ፣ ምን ነካሽ? ልጆቼን ታውቂያቸው የለም ወይ?» ብላ ጮኸች። እትዬ ጸሐይ አየቻት። «አውቃቸዋለሁ» አለች።

አቶ ዳምጠው መነጽሩን አወለቀ። «ይህን እንዲያደርጉ ያዘዘዎት ሰው አለ?»

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ ሰላማዊትም አልዞረችም።

«አፌ የኔ ነው» አለች።

የኔን ነገር አልደብቅም፤ አፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ዋሺ ስላት የነበርኩት ሰውዬ፣ ስሜን ሳታነሣ ስታልፈኝ ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። አቶ ዳምጠው ጸሐፊውን ማስጻፍ ጀምሯል፦ ውሳኔው ተሽሯል፤ ሁለቱም ሰፈር ስለተገኘ አሁኑኑ ድምፅ ይሰጣል፤ ተላላኪዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት፤ ግልባጭ ለሰው ኃይል። ማስጠንቀቂያውን ሰኞ ጠዋት የማባዛው እኔ ነኝ። ያ ሲገባኝ ነው የተነሣሁት።

«ክቡር ሊቀመንበር» አልኩ። «ባትሪ ያልቃል ብዬ ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

አቶ ዳምጠው ወረቀቱን አገላበጠ። «አቶ ዘከርያ፣ አጀንዳው ላይ እንሁን።»

«አጀንዳው እሱ እኮ ነው።»

«አጀንዳው የቦኖ ቦታ ነው። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ያነሡታል። ይቀመጡ።»

ቁጭ አልኩ። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ አልደረስንም። በእኛ ቀበሌ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ተደርሶ አያውቅም።

ድምፅ ተሰጠ። ታች ሰፈር ሲባል የእትዬ ጸሐይ እጅ ከሁላችንም ቀድሞ ወጣ፤ ተቆጥሮ እስኪያልቅም አልወረደም። ሰባ አራት ሆንን። ላይ ሰፈሮች ሰማንያ ሦስት። ጸሐፊው ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ሰማንያ ሦስት ነው። አቶ ዳምጠው ድርና አንበሳውን ተረተና ስብሰባው ተዘጋ።

ስንወጣ፣ በስብሰባው መሃል የጀመረው ዝናብ አባርቶ ነበር። የታች ሰፈር ሰው እትዬ ጸሐይን እየዞረ፣ ምሰሶ እንደሚዞር አድርጎ ነው ያለፋት። ሰላማዊት መሬት መሬት እያየች ሄደች። ኩልሱም ብቻ ቆማ እጇን ጨበጠቻት፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። ከዚያ እትዬ ጸሐይ ወንበሮቹን ሰበሰበች፣ አዳራሹን ቆለፈች፣ ቁልፉን መለሰች። ማጉያውን ግን አልመለሰችም። ይዛው ቁልቁል ወደ ታች ሰፈር ወረደች። ከኋላዋ ተከተልኳት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ልናገር ነዋ። ከየቤቱ የመጣው አንድ አንድ ሰው ነው። ቤት የቀረው አልሰማም።»

«ውጤት እኮ አይለፈፍም። ይለጠፋል።»

«ማን ያነባል?» አለችኝ።

ዋርካው ሥር ቆመች። ማጉያውን ከፈተችው። ሴቶቹ በየደጃቸው ብቅ አሉ፤ ሰላማዊትም ልጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ወጣች። እትዬ ጸሐይ በጌዴኦኛ ጨርሳ ወደ አማርኛው ገባች።

«የታች ሰፈር ነዋሪዎች። ቦኖው ላይ ሰፈር፣ ወፍጮ ቤቱ ጎን እንዲሆን ተወስኗል። ላይ ሰፈር ሰማንያ ሦስት።» ትንፋሽ ወሰደች። «እኛ ሰባ አራት። የፊተኛው ውሳኔ የተሻረው በእኔ ነው። ያልሰማ ካለ ንገሩት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትጠራ ሰምቻታለሁ፤ በማጉያ «እኛ» ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰላማዊት ልጆቿን አስገብታ በሯን ዘጋች፤ አልወረወረችውም፤ ዘጋችው ብቻ። እትዬ ጸሐይ ማጉያውን አጠፋች። ቤቷ ገብታ አስቀመጠችው፤ የዕለቱን ውሃ ገና አልቀዳችም ነበርና ጀሪካኗን ይዛ ወጣች።

በእኛ ቤት ውሃ የምትቀዳው ሚስቴ ሱመይራ ናት። ሁሌም እሷ ናት። ገብቼ ጀሪካኑን ሳነሣ «ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችኝ። ይዤው ወጣሁ። እትዬ ጸሐይን ዳገቱ እኩሌታ ላይ ደረስኩባት። ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ጭቃውን እየመረጠች ትወጣለች። እጄን ዘርግቼ ጀሪካኗን ልቀበላት አልኩ።

ቆም ብላ አየችኝ።

«ባዶ ነው» አለች። «ስንመለስ ያዝልኝ።»